ቀትር ላይ ያልወደቁት

ግንቡ እህቴን ለሁለተኛ ጊዜ ጣላት። ቀትር ላይ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከታች ቆሜ አየሁ።

ስለዚያ ጊዜ ብዙ ማውራት አልወድም። ነገር ግን የአገሩን ሥርዓት ለማያውቅ ሰው የሆነው ነገር አይገባውም፤ ስለዚህ ከሥርዓቱ እጀምራለሁ።

አገሩ ሜዳ ነው። ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ አይቆምም። አቧራ ይዞ ይመጣል፤ አቧራው ደረት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በሜዳው መካከል አንድ ትልቅ ግንብ አለ። ማን እንደሠራው የሚያስታውስ የለም። ውስጡ ክፍሎች አሉት። በክፍሎቹ ውስጥ ነፋስ የለም፣ አቧራ የለም፤ ከግንቡ አናት የሚመነጨው ውሃ በቦይ ወርዶ በየደጁ ያልፋል። እዚያ የሚኖሩት የግንብ ሰዎች ይባላሉ። የቀረነው የሜዳ ሰዎች ነን።

የሜዳ ሰው የጠፍር መታጠቂያ ይታጠቃል። መታጠቂያው ላይ፣ በጀርባ በኩል፣ ጭብጥ የሚያሳልፍ የወይራ ቀለበት ተሰፍቶበታል። አቧራው ሲብስና ዓይን አላይ ሲል በየቀለበቶቻችን አንድ ገመድ እናሳልፍና አንዳችንም ሳንጠፋ እንሄዳለን። የግንብ ሰዎች ይህን አይተው «ቀለበቴ» ይሉን ነበር። ስድብ ነበር።

በግንቡ ውስጥ ማን ይኑር የሚለውን የሚወስነው ግንቡ ራሱ ነው ይባላል። የግንቡ ፊት ሙጫ ያወጣል። በዓመት አንድ ቀን የልጠፋ ቀን አለ። ክፍል የሚፈልግ ሁሉ በመሰላል የሁለት ሰው ቁመት ያህል ይወጣና ጀርባውን ግንቡ ላይ ይለጥፋል። መሰላሉ ይነሣል። የመጨረሻው ሰው ከተለጠፈ በኋላ ሊቀ ውዳሴ የሚባለው ሹም ከታች ቆሞ የግንቡን ውዳሴ ያነባል። ንባቡ እስኪያልቅና «ይቁም» እስኪባል ማንም አይወርድም። ያልወደቀውን ግንቡ ወዶታል፤ የዓመት ክፍል ያገኛል። የወደቀ ወደ ሜዳው ይመለሳል። ሦስት ጊዜ የወደቀ ከመጨረሻው ድንጋይ ወዲያ ይወሰዳል። ከዚያ ወዲያ መጠለያ የለም። ከዚያ የተመለሰ ሰው አላየሁም።

ሙጫ ቀማሽ የሚባል ሹምም ነበር። በንጋት ሙጫውን በጣቱ ነክቶ ይልስና «ግንቡ ዛሬ ደግ ነው» ይላል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሌላ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ጥርሱ ስለተጣበቀ ነው የሚሉ ነበሩ።

ምሥጢሩን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ የሚናገረው አልነበረም። ግንቡ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ነው። ጠዋት ጥላ ነው፤ ብርድ ነው። በንጋት የተለጠፈ ሰው ሙጫው ዙሪያውን ይረጋበትና እንደ ሚስማር ይይዘዋል። ቀትር ላይ የተለጠፈን ግን ሙጫው ላልቶ ስለሚጠብቀው አይረጋለትም። ማን በስንት ሰዓት እንደሚለጠፍ የሚመድበው አጋፋሪ ወንድይራድ ነበር። ወዳጆቹንና የወዳጆቹን ልጆች በንጋት፣ የሜዳውን ሰው በቀትር ይመድባል። እሱ ራሱ ከሁሉ በፊትና ከሁሉ በላይ ይለጠፋል፤ ሥነ ሥርዓቱንም ከዚያ ሆኖ ያዛል።

ሊቀ ውዳሴውም ሥራውን ያውቃል። ከሜዳ ሰዎች አንድ እንኳ ከላይ ካለ ረጋ ብሎ ያነባል። ያስላል። የጠፋበትን መስመር ይፈልጋል። የመጨረሻው ሲወድቅ አራት ገጽ ዘሎ አጋፋሪው «ይቁም!» እስኪለው ይቸኩላል። ከግንቡ ክፍሎች ግማሾቹ ባዶ ነበሩ። ይህንንም ሁሉም ያውቅ ነበር።

እህቴ ታንጉት በሁለት ዓመት ታንሰኛለች። እናትና አባታችንን አቧራው ወስዷቸዋል። የእሷም ደረት ተይዟል። ስትስቅ ታስላለች፤ ብቻ መሳቋን አትተውም። ሁለተኛ የወደቀች ቀን የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ግንቡ አልወደደኝም፣ ደርቤ» አለችኝ። «እኔም እሱን ብዙ አልወደድኩትም።»

የሚያሽ ሰው ጠራሁ። አንጓዋን አሰረ። ደረቷን ግን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ወደ እኔ ሳያይ ተነሣ። «ከነፋስ አውጣት» አለ። ሌላ መድኃኒት አልሰጠም። አንድ ልጠፋ ቀርቷት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራ ለመንኩ። የግንቡን ቦይ የምትጠብቅ እንጉዳይ የምትባል የሜዳ ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጥ ነበር። ቦይ መጥረግ ቆሻሻ ሥራ ስለሆነ የግንብ ሰው አይነካውም፤ ስለዚህ የእሷን እግር ግንቡ ሥር ማየት ለምደውታል። ደለል እንድጠርግላት ቀጠረችኝ። በቀን ውስጥ ዐሥር ቃል አትናገርም። ለእኔ ተስማማኝ።

በግንቡ ፊት ላይ ዐሥር ዘንጎች አሉ። ከግንቡ ወጥተው ጫፋቸው ወደ ታች ያዘነበለ፣ የሰው ክንድ ውፍረት ያላቸው ጥንታዊ እንጨቶች ናቸው። ሹማምንቱ የውዳሴ ጨርቅ ይሰቅሉባቸው ነበር። አንድ ቀን አንዱ ጨርቅ በነፋስ ተቀድዶ ቦዩን ደፈነ። እንጉዳይ የቀረውን እንዳወርድ መሰላል ሰጠችኝ። ወጣሁ። በዘንጉ ጫፍ አጠገብ የተፈለፈለ ስንጥቅ አየሁ። ውስጡ የበሰበሰ ትንሽ እንጨት ነበር። ነቅዬ አመጣሁላት።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

አገላበጠችው። «የመቀርቀሪያ ምላስ ይመስላል።»

«ዘንግ ላይ መቀርቀሪያ ምን ይሠራል?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ዘንጉን ሄደህ ጠይቀው።» ከዚያ ዓይኗ ወገቤ ላይ ቆመ። «እስቲ ዙር።»

ዞርኩ። ቀለበቴን ያዘችና ወደ ዘንጉ ጎተተችኝ፤ መሰላል አስወጣችኝ፤ ቀለበቱን በዘንጉ ጫፍ አስገባች። ልክ ገባ። የተሠራለት ያህል ነበር።

የዘንጉን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። «ይሄ የጨርቅ መስቀያ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «አያቶቻችን ቀለበቱን ከየት እንዳመጡት ጠይቀን አናውቅም።»

የነፋስ ወራቱን በእሷ ዳስ ውስጥ አሳለፍን። የመጀመሪያው ሐሳብ የእኔ ነበር፤ ስሕተቱም የእኔ ነበር። ዘንጉ ወደ ግንቡ ሽቅብ ስለሆነ ሰው ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ላይ ሊገፋ አይችልም። የቦዩ ውሃ መዘውር እንዲያዞር፣ መዘውሩም ቀለበቴን እንዲገፋ አደረግን። ወጣሁ። ግንቡ ጀርባዬን ነካኝ። ውሃው እስከ ፈሰሰ ድረስ እዚያው ነበርኩ። እንጉዳይ ውሃውን ዘጋች። ተንሸራትቼ አሸዋው ላይ ወደቅሁ።

ቆማ አየችኝ።

«እስኪፈስልህ ያዘህ» አለች። «ሲቆምብህ ለቀቀህ። ታዲያ ይሄ ከሙጫው በምን ተሻለ?»

አሸዋውን አራግፌ ተነሣሁ።

ያኔ ምላሱን ሠራች። ከወይራ ጠረበችው፤ ከሥሩ ሲጫኑት የሚመለስ የታጠፈ ቀንድ አደረገችበት። ቀለበት ወደ ውስጥ ሲገፋ ምላሱ ይተኛል። ቀለበቱ ሲያልፍ ተመልሶ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ቀለበቱ ወደ ኋላ መሄጃ የለውም። ውሃውንም እያቋረጠ እንዲመጣ አደረገችው። ከመዘውሩ በላይ ባልዲ ሰቀለች። ባልዲው ቀስ ብሎ ይሞላል። ሲሞላ ይደፋል። ሲደፋ አንድ ሰው ይገፋል። ባዶውን ተመልሶ ይቀመጥና እንደገና መሙላት ይጀምራል። ውሃው ቢቆምም የወጣው ሰው አይወርድም። ዘንጉም ረጅም ስለሆነ ከመጀመሪያው ሰው በኋላ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛው ይገባል። ማንም የማንንም ቦታ አይወስድም።

ሞከርኩት። ሙጫውን በአመድ አጥቤ፣ በቀትር፣ በደረቅ ግንብ ላይ። ባልዲው ተደፋ። ምላሱ ከጀርባዬ «ጠቅ» ሲል ሰማሁ። እንጉዳይ ውሃውን ዘጋች። አልወደቅሁም። ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ተወችኝ።

«ግንቡ ወደደህ?» አለችኝ ከታች።

«አላውቅም።»

«አየህ፤ መጠየቅም አላስፈለገም።»

የተጣላነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ከምላሱ ሥር ሽብልቅ አስገባችና በሽብልቁ ላይ አጭር ገመድ አሰረች። ገመዱ ሲሳብ ምላሱ ይተኛል፤ ሰውየው ይወርዳል። የገመዱን ጫፍ ያስቀመጠችው የተንጠለጠለው ሰው እጅ በሚደርስበት ቦታ ነው።

«ይውጣ» አልኳት። «ታንጉት ብትደነግጥና ብትስበውስ? ሦስተኛዋ ነው እኮ!»

«መውረጃው በሰውየው እጅ ካልሆነ እስር ቤት ነው የሠራሁት።»

«እስር ቤትም ቢሆን ነፋስ አይገባበትም።»

ጠረባዋን አስቀመጠች። «አንተ ልጅ፣ ነገ ይሄን ዘንግ አጋፋሪው ቢወስደውስ? ገመዱ በማን እጅ እንዲሆን ትፈልጋለህ?»

ወጥቼ ሄድኩ። ሁለት ቀን አልመጣሁም። ለታንጉት ነገርኳት። «እኔ ነኝ የምንጠለጠለው ወይስ አንተ?» አለችኝ። «ገመዱ ይኑር።» ተመልሼ ሥራዬን ያዝኩ። እንጉዳይ የሚጠረብ ወይራ አቀበለችኝ።

ዐሥሩንም ዘንግ ሠራን፤ በየዘንጉ ሦስት ምላስ ከነሽብልቁ አደረግን፤ መዘውሩንም በገመድ ከሁሉም ጋር አገናኘን። ጨርቆቹን እንዳሉ ተውናቸው፤ ከጨርቅ ሥር የሚያይ አልነበረም። ቦዩ ሥር መዘውርና ባልዲ ቢታይ የቦይ ዕቃ ነው። ከእኔና ከታንጉት ጋር ሠላሳ ሰው ሆንን። ያመጣናቸው ሁሉ ሁለት ጊዜ የወደቁ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ብቻ እንቢ አሉ። «በሕይወቴ ሙሉ ቀለበቴ ተብያለሁ» አሉ፤ «አሁን ደግሞ ጨርቅ ልባል?» በኋላ መጡ። የመጡት ለማየት ነው ብለው ነበር፤ መታጠቂያቸውን ግን አጥብቀው ነበር።

የልጠፋ ቀን ደረሰ። ሙጫ ቀማሹ ላሰ። ግንቡ ደግ ሆነ። አጋፋሪ ወንድይራድ በንጋት ተለጠፈ። ወዳጆቹ ከእሱ ዝቅ ብለው በዙሪያው ተለጠፉ፤ ሙጫ ቀማሹም ከመካከላቸው። ቀትር ሲሆን የእኛ ተራ ደረሰ። ወደ ሙጫው አልሄድንም። ጨርቆቹን ገልጠን ቀለበቶቻችንን በየዘንጎቹ ጫፍ አስገባን። እንጉዳይ ቦዩን ከፈተች። ባልዲው ሞላ። ተደፋ። «ጠቅ» አለ። ሞላ፤ ተደፋ። ሠላሳ ጊዜ። ታንጉት ከእኔ ፊት ነበረች፤ ከአጋፋሪው እግር አንድ ዘንግ ያህል ብቻ ትርቃለች።

«እናንተ ምን እየሆናችሁ ነው?» አለ አጋፋሪው ከላይ።

«እየተለጠፍን ነው፣ ጌታዬ» አልኩት።

«በጨርቅ መስቀያ?»

«ሙጫው ለእርስዎ እንዲተርፍ ብለን ነው» አለች ታንጉት።

ከሹማምንቱ አንዱ ሳቀና ወዲያው ሳቁን ዋጠ። አጋፋሪው ሕጉ ይነበብ አለ። ሊቀ ውዳሴው የሕጉን ሰሌዳ አነሣና አነበበ፦ «ከግንቡ ያልወደቀ የግንቡ ነው።» ዞር አድርጎ ጀርባውን አየ። ሌላ ነገር አልተጻፈበትም። ስለ ሙጫ አንድ ቃል የለም። ሁላችንም ሙጫው ሕግ ውስጥ ያለ ይመስለን ነበር። እነሱም ይመስላቸው ነበር።

አጋፋሪው ግን አልተጨነቀም። «ጨርቅም ይወድቃል» አለ። «ይነበብ! ቀስ ተብሎ ይነበብ!»

ተነበበ። ሊቀ ውዳሴው አሳለ፤ መስመር ጠፋበት፤ አገኘው፤ ውሃ ጠጣ። እንደ ልማዱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሜዳ ሰው ሲረግፍ ያይ ነበር። አሁን የሚረግፍ የለም። ሁለተኛው ገጽ አለቀ። ሰባተኛው አለቀ። ሰውየው በዕድሜው የመጨረሻውን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበና ወደ ላይ አየ።

«አለቀ፣ አጋፋሪ።»

«ቀለበቴዎቹስ?»

«እንዳሉ ናቸው።»

«ከመጀመሪያው ድገመው!»

እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም ነበር። ግን «ይቁም» የሚለው እሱ ነው፤ እሱ ካላለ ማንም አይወርድም። ሊቀ ውዳሴው እንደገና ጀመረ። ያኔ ፀሐይዋ የግንቡን አናት አልፋ ወርዳ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ያዘችው። በሌላው ዓመት ሁሉም ነገር ከዚህ ሰዓት በፊት ያልቅ ነበር። የንጋት ሙጫ የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ አይቶ አያውቅም።

መጀመሪያ የወደቀው ሙጫ ቀማሹ ነው። ሲወድቅ ምንም አላለም። ከዚያ የሹማምንቱ ልጆች። ከዚያ ሹማምንቱ። እንደ ደረሰ ፍሬ አንድ በአንድ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ማንም አልተጎዳም፤ እርስ በርስ ግን መተያየት አፈሩ። አንዱ ከታች ሆኖ «አጋፋሪ፣ ኧረ ይቁም ይበሉ!» እያለ ጮኸ።

«ከቀለበቴዎቹ አንዱ ሳይወድቅ አልልም!»

ይህን ሲል አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ተንሸራተተ። ጀርባው በግንቡ ላይ ረጅም ጥቁር መስመር አሰመረ። እሱ የነበረበት ከሁላችንም በላይ ነው፤ ከዚያ የወደቀ ሰው አንጓ ብቻ ሰብሮ አይተርፍም። ፊቱን አየሁት። አመድ መስሎ ነበር። እንደገና ተንሸራተተ።

እውነቱን ልናገር። ዝም ብዬ አይ ነበር። የእናቴን ደረት እያሰብኩ ነበር።

ታንጉት የአቧራ ገመዷን ከትከሻዋ አወረደች። አንዱን ጫፍ በቀለበቷ አሳልፋ በእጇ ያዘች፤ ሌላውን ወረወረችለት። ደረቱ ላይ አረፈ።

«ጌታዬ፣ ወገብዎ ላይ ይሰሩት።»

«እኔ ቀለበቴ አይደለሁም» አለ።

«ገና ነዎት» አለች። ሳቀች፤ አሳላት። «ይሰሩት እንጂ፣ ጌታዬ፤ ሙጫው እኮ አይጠብቅዎትም!»

አሰረው። ወዲያው ግንቡ ለቀቀው። ክብደቱ በሙሉ በእህቴ ቀለበት ላይ ወረደ። ዘንጉ ተንቀጠቀጠ። የታንጉት ተሰብራ የነበረችው አንጓ ደንዝዛ ገመዱ ከእጇ ወጣ ማለት ጀመረ።

«ልቀቂው» አልኳት።

«ደርቤ፣ ገመዱን ያዝ!»

«አንቺን ሁለት ጊዜ ጥሎሻል።»

«ቀትር ነው የጣለኝ። ያዝ አልኩህ!»

ያዝኩ። ለምን እንደያዝኩ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። ምላሱን ከጀርባዋ አየሁት፤ ሁለት ሰው ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። የሽብልቁ ገመድ ከግራ እጇ አጠገብ ተንጠልጥሎ ነበር። አልነካችውም።

አጋፋሪው ከእኛ በታች እየተወዛወዘ ነበር። ከታች የቀረ የሊቀ ውዳሴው ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ሻክሮ ሊጠፋ ተቃርቧል።

«ጌታዬ» አለች ታንጉት፤ «ሰውየው ድምፁ አለቀ። ይዘኑለት።»

አጋፋሪ ወንድይራድ ወደ ላይ አየ፤ ወደ ባዶው ግንብ አየ፤ ወደ ታች ወዳጆቹን አየ።

«ይቁም» አለ።

ከዚያ እያንዳንዳችን ሽብልቃችንን በገዛ እጃችን ስበን ወደ መሰላሉ ወረድን። እሱ ሽብልቅ ስላልነበረው አውርዱኝ ብሎ መለመን ነበረበት። አወረድነው። እንጉዳይ ቦዩን ዘጋች። ባልዲው ግማሽ እንደሞላ ቀረ።

በዚያው ምሽት ከእኛ መካከል «የወደቁት ወደ ሜዳ ይውጡ» ያሉ ነበሩ፤ ሕጉ እንደዚያ ይላልና። እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ። እንጉዳይ ያን ቀን ከዐሥር ቃል በላይ ተናገረች። «ዘንጉ ገና ቦታ አለው» አለች። «ክፍሉም ባዶ ነው። ቀለበት መስፋት የሚያውቅ ሁሉ ነገ ማለዳ ይምጣ።» መጣን። የወደቁትም መጡ። አንዳንዶቹ ቀለበቱን ከልብሳቸው ሥር ነበር የሚያደርጉት።

ዛሬ ዘንጎቹ ጨርቅ የላቸውም። ከመጨረሻው ድንጋይ ወዲያ የሚወሰድ የለም። ሊቀ ውዳሴው አሁንም ያነባል፤ ከአንድ ገጽ አያልፍም። አጋፋሪ ወንድይራድ አርጅቷል፤ ግንቡ ወዶኝ ነው የቀረሁት እያለ ያወራል። ታንጉት ስትሰማው ትስቃለች። አሁን ስትስቅ አታስልም። እንጉዳይ ክፍል ተሰጥቷት ነበር፤ ከቦዩ ራቀብኝ ብላ መለሰችው። የሽብልቁ ገመድ እስከ ዛሬ በሚንጠለጠለው ሰው እጅ ነው።

ስለዚያ ቀን የሚወራው ብዙ ነው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ቀትር አልፎ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግንቡ ላይ የቀሩት ሠላሳ የሜዳ ሰዎችና አንድ አጋፋሪ ናቸው።